የውሃው ማሽን አልነሳ ያለ ሰሞን

በሸዋ ሮቢት ዳርቻ ባለው የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ አንዲት ቬንትሌተር አለች። በሙቀቱ ተቃጥሎ የገባ ሰው ወንበር ስቦ ንፋሷን ይጠብቃል፤ አትደርሰውም። ኑርሃን ቃሲም ቬንትሌተሯን ጥግ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር አዙራ፣ እሷ በሂጃቧ ጫፍ ግንባሯን እየጠረገች ነው የምትሠራው። ለሚጠይቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ ሰው ሲሞቀው ይናገራል፣ ኮምፒውተር ግን እስኪወድቅ ድረስ ችሎ ነው የሚቆየው ትላለች። ክፍሉ ድሮ የሽንኩርት መጋዘን ነበርና ግድግዳው ዛሬም ድረስ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። እንግዳ አፍንጫውን ሲነካካ ትስቃለች፤ እሷስ ከለመደችው ቆይታለች።

ኑርሃን እዚያው ይፋት ቆላ ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። ቀጭን፣ እጀ ፈጣን፣ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ። በአገሩ ሰው ዘንድ ግን ከእሷ ስም በፊት የሚነሳው የአባቷ ስም ነበር። አባቷ ቃሲም የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ከወንዝ በቦይ የተጠለፈውን ውሃ ለየማሳው የሚያከፋፍል ዳኛ ነው። ዛሬ ማን ያጠጣል፣ ነገ የማን ተራ ነው፣ ተራ ሳይደርሰው ቦይ የሰበረ ሰው በምን ይቀጣል፤ ይህን ሁሉ የሚቆርጠው እሱ ነው። ቃሲም ወገናቸው ከአሊዩ አምባ በኩል የወረደ አርጎባ ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አምኖ የመረጣቸው። ብዙ አይናገሩም። ሁለት ሰው አካፋ ይዞ ሲፋጠጥ መሃል ገብተው ቁጢጥ ይሉና ዝም ይላሉ። ጠበኞቹ ዝምታው እየከበዳቸው ሲሄድ አካፋቸውን ራሳቸው መሬት ላይ ያስቀምጡታል።

ኑርሃን በልጅነቷ ከኋላቸው እየተከተለች ያን ቦይ ከራሱ እስከ ጅራቱ አወቀችው። የት ጋ ውሃው እንደሚሰንፍ፣ የት ጋ አሸዋ እንደሚደፍነው፣ የትኛው ማሳ ውሃውን እንደ ወንፊት እንደሚያሾልክ፣ የትኛው ደግሞ ይዞ እንደሚያቆይ ለይታ ታውቅ ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ሒሳብ ቀለላት። ደብረ ብርሃን ወጥታ ኮምፒውተር የምትማርበት ዕድል ሲመጣ ግን ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። ሴት ልጅ ብቻዋን ደጋ ወጥታ ምን ልትሆን ነው፣ ተምራስ ብትመጣ በዚህ ቆላ የሚጠገን ኮምፒውተር የት አለ ተባለ። እናቷ ሐቢባ አለቀሱ። ቃሲም የሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ ልጅቷ መሄድ ትፈልጋለች፣ እኔ አደርሳታለሁ አሉ።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዘው ወጡ። ጣርማ በር ሲደርሱ ጭጋጉ መስኮቱን አለበሰው፤ ብርድ የሚባል ነገር የማታውቀው የቆላ ልጅ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። አባቷ ትከሻቸው ላይ ያለውን ጋቢ አውልቀው አለበሷት። ኮሌጁ በር ድረስ አደረሷት፤ ከበር ጠባቂው ጋር ሰላምታ ተለዋወጡና ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ። ያን ጋራ ያለ ጋቢ እንዴት እንደወረዱት ኑርሃን እስከ ዛሬ ታስባለች።

ተምራ ስትመለስ አገሩ ተለውጦ ቆያት። ማሾና ሽንኩርት፣ አልፎ አልፎም ፓፓያ በሚበቅልበት ሜዳ ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ፓምፕ ተተክሎባቸው ነበር። ማኅበሩ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ኑርሃን ተወዳድራ ገባች። መሣሪያውን የተከለው ኢንጂነር ስንታየሁ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ማስተማር የማይሰለቸው፣ የሚያውቀውን የማይሸሽግ። ፓምፖቹንና የየማሳውን የውሃ መክፈቻ የሚያዘው ፕሮግራም ግን የቆየ ነበር፤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ያንን ፕሮግራም የተሸከመው አሮጌ ኮምፒውተር ሊሞት ሲያጣጥር፣ ስንታየሁና ኑርሃን ተጋግዘው ሆዱን እንዳለ ወደ ቨርቹዋል ማሽን አዛወሩት።

ቨርቹዋል ማሽን በእጅ የሚጨበጥ ዕቃ አይደለም። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በውስጡ ሌላ ኮምፒውተር ያኖራል። የውስጠኛው ራሱን እንደ ሙሉ ማሽን ይቆጥራል፤ ዲስክ አለኝ፣ ገመድ አለኝ ብሎ ያምናል። ዲስክ የሚለው ግን በትልቁ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አንድ ግዙፍ ፋይል ነው። ገበሬው ይህን ሁሉ ሐተታ ትቶ «የውሃው ማሽን» ብሎ ጠራው።

የውሃው ማሽን ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውሃ አባትነት በዚያ ሜዳ ላይ ቀረ። ቃሲምን ይበቃዎታል ያላቸው የለም፤ ብቻ ተራ የሚጠይቀው ሰው እግሩን ወደ ቢሮው አዞረ። ቃሲም ቅሬታ አልተነፈሱም። ለልጃቸው ሥራ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ማታ ስትገባ ደከመሽ ወይ ይላሉ። ወደ ቢሮው ግን አንድም ቀን ዘልቀው አያውቁም። በደጁ ሲያልፉ ሰላምታ ሰጥተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ኑርሃን ይህን እያየች በሆድዋ ይዛው ኖረች፤ ምን ብላ እንደምታነሳው ግን ጨነቃት።

ነገሩ የሆነው በየካቲት ነው። ማሾው አበባ ላይ ነበር፤ ሽንኩርቱም ራስ እየቋጠረ ነው። ሁለቱም ውሃ በብርቱ የሚሹበት ጊዜ። ጠዋት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ መልሶ ሄደ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ጥቂት ደግፎ የሚያቆየው ባትሪ ከርሞ ደክሞ ነበርና አልቻለም። መብራቱ ረግቶ ሲመለስ ትልቁ ኮምፒውተር ተነሳ፤ የውስጠኛው ማሽን ግን አልነሳ አለ። ኑርሃን ደጋግማ ሞከረችው። ማሽኑ ሊከፈት አልቻለም የሚል ጽሑፍ ብቻ ይመጣል። ገብታ ስታየው፣ የማሽኑ አቋም የተመዘገበበት ትንሽ ፋይል፣ ማለትም ምን ያህል ሜሞሪ እንዳለው፣ ዲስኩ የቱ እንደሆነ፣ በምን እንደሚገናኝ የሚናገረው፣ መብራቱ ሲቆረጥ ባዶ ሆኖ ቀርቷል። የዚያ ፋይል መጠባበቂያም እንደዚያው ባዶ ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ገሠሠ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሱ። ፓምፖቹ ቆመዋል፣ ሰዉ መሰብሰብ ጀምሯል አሉ። ኑርሃን ስንታየሁ ዘንድ ደወለች። እሱ በዚያን ጊዜ ለሥራ ጅንካ ወርዶ ነበር፤ ኔትወርኩ ድምፁን እየቆራረጠ ያመጣዋል። አትጨነቂ አላት፤ ማሽኑን በተከልን ሰሞን ያስቀመጥነው ኮፒ አለ፣ እሱን አንሺና ከዚያ ጀምሪ፣ ወዲያው ይነሳልሻል።

ኑርሃን ያን ኮፒ ታውቀዋለች። የመጀመሪያው ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ በየጉድጓዱ እየዞረች፣ ውሃው ምን ያህል እንደወረደ እያየች፣ የትኛው ማሳ በምን ግፊት እንደሚጠጣ እየለካች ያስተካከለችው ሁሉ በእሱ ውስጥ የለም። በተለይ በሰሜን በኩል ያለው ጉድጓድ ውሃው ሸሽቷል። በድሮው ልክ ከተሳበ ፓምፑ አየር ስቦ ይቃጠላል። አዲስ ኮፒ ሳታስቀምጥ ይህን ያህል መቆየቷን ስታስብ ፊቷ ጋለ፤ ቢሆንም ጸጸቱን ለኋላ አቆየችው። የሰሜኑን ጉድጓድ ነገር ነገረችው። ስንታየሁም፣ እውነትሽን ነው፣ እሱን ረስቼዋለሁ፤ እንግዲህ ማሳውንም ማሽኑንም ከኔ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ በይ እንደመሰለሽ አድርጊ አላት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ተቋረጠ።

አቶ ገሠሠ ሲሰሙ ቆይተው፣ «ታስነሺዋለሽ ወይ?» አሏት።

«ገና አላየሁትም፣ ጋሼ። የማላየውን አዎ አልልዎትም። እስከዚያው ፓምፑን በእጅ እናስነሳ።»

በእጅ ማስነሳት ይቻላል፤ ግን ሰው አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ ስላለበት አንዱን ሲያስነሱ ሌላው መቆም አለበት። መክፈቻዎቹም በእጅ ይዞራሉ። ስለዚህ ውሃው ጥቂት፣ የተጠማው ብዙ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከደጅ ጫጫታ ተሰማ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳቸውን ብቻቸውን የሚያርሱት እትዬ አሪፋ በዋናው መክፈቻ መዘወሪያ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ ይቺ ልጅና ማሽኗ ሽንኩርቴን ሊገድሉት ነው ይላሉ። በሌላው በኩል መዘወሪያውን የያዘው ጎረቤታቸው ሰዲቅ፣ ማሾዬ አበባውን ሊያረግፍ ነው ይላል። ሁለቱም አይለቁም። የቆመው ሰው ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ሆነ። አቶ ገሠሠ ቢጮሁ ሰሚ አጡ። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኧረ ቃሲምን ጥሩልን አለ።

ኑርሃን ይህን ሁሉ የሰማችው በተከፈተው በር ነው። እሷ በዚያን ጊዜ ሌላ ሥራ ይዛለች። የማሽኑን ዲስክ፣ ያንን ግዙፍ ፋይል፣ እንዳለ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ እየገለበጠች ነበር። አቶ ገሠሠ ተመልሰው ገብተው የተገለበጠውን መጠን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር በስክሪኑ ላይ እንደ ኤሊ ሲሳብ ሲያዩ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«የሞተ ነገር መገልበጥ ምን ይፈይዳል ልጄ? ጊዜው እኮ እየሄደ ነው።»

«መሞቱን ገና አላወቅንም፣ ጋሼ» አለች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ባጠፋ የምመለስበት ይኑረኝ። ኮፒው ሳያልቅ ዋናውን አልነካም።»

አቶ ገሠሠ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ቃሲም መጡ። ኑርሃን በበሩ በኩል ታያቸዋለች፤ ዱላቸውን ይዘው፣ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ሁሉንም በየስሙ ሰላም እያሉ። እትዬ አሪፋና ሰዲቅ መሃል ገብተው እንደ ልማዳቸው ቁጢጥ አሉ። ጫጫታው ቀስ በቀስ ሰከነ። ከዚያ ተነስተው ማሳዎቹን ዞሩ፤ የማሾውን አበባ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ የሽንኩርቱን ሥር ጫር አድርገው አፈሩን ጨበጡ። ሲመለሱ ብይኑ አጭር ነበር። አበባ ከረገፈ ወዲያ አይመለስም፤ ማሾው ይቅደም። ሽንኩርቱ እስከ ነገ ይታገሣል፤ ከሽንኩርት ግን አሸዋማ መሬት ላይ ያለው የአሪፋ ነውና አንደኛ እሱ ይጠጣ። ሰዲቅ ሲያጠጣ ከድርሻው አንዲት ባልዲ አይለፍ። እትዬ አሪፋ አጉረመረሙ፤ ቃሲም ካሉ ምን አደርጋለሁ ብለው መዘወሪያውን ለቀቁ። ቃሲም ግን አልሄዱም፤ ፀሐዩ ላይ ቆመው ውሃውን ከማሳ ማሳ ሲያሻግሩ ረፈደ።

ኑርሃን አባቷን እንዲህ ቆመው ካየቻቸው ዓመታት አልፈው ነበር። ጀርባቸው ትንሽ ጎብጧል፤ እጃቸው ግን ውሃውን ሲያዝ እንደ ድሮው ነው። ከዚያ ኮፒው ማለቁን ስክሪኑ ነገራትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቀጥሎ ያደረገችው የተገለበጠውን ዲስክ ለሥልጠና በምትጠቀምበት ሌላ ቨርቹዋል ማሽን ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ መሰካት ነው። ያ ማሽን ጤነኛ ስለሆነ የታመመውን ዲስክ ከውጭ ሆኖ ሊያይላት ይችላል። ቢስሚላህ ብላ ከፈተችው። ዲስኩ ተነበበ። ፍተሻ ስታደርግለት መብራቱ በድንገት ሲቆረጥ የተንጋደዱ ጥቂት ነገሮች አገኘና አቃናቸው። ከዚያ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ፕሮግራሙ አለ። የሰሜኑ ጉድጓድ ልኬት አለ። የየማሳው ግፊት፣ እሷ በገዛ እጇ ያስገባችው ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል አለ። ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጣለችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አቶ ገሠሠ ቢጠይቋት፣ አልሞተም አለቻቸው።

አሁን የቀረው ለዲስኩ አዲስ ቤት መሥራት ነው። የድሮው ቤት አቋሙ ጠፍቷልና አዲስ ቨርቹዋል ማሽን አቋቋመች፤ ሜሞሪውን መደበች፣ ዲስኩን ሰካች፣ አስነሳችው። ስክሪኑ ጨለመ፣ ከዚያ የድሮው ሲስተም ምልክት ብቅ አለ። አቶ ገሠሠ ከወንበራቸው ተነሱ። ምልክቱ ጥቂት ቆየና ስክሪኑ በአንዴ ሰማያዊ ሆነ፤ በነጭ የተጻፈ ነገር ብልጭ አለ፤ ማሽኑ ወድቆ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። መልሶ ወደቀ። ኑርሃን ይህን ለወጠች፣ ያንን ቀነሰች፤ ሜሞሪውን ጨመረች፣ አሳነሰች። ማሽኑ ይነሳል፣ ይወድቃል። አቶ ገሠሠ ቀስ ብለው ወጡ፤ ሰዉ እንዳያይባቸው ፊታቸውን አስተካክለው።

የቀትሩ የዙህር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ኑርሃን ውዱእ አድርጋ በጓሮ በኩል ሰገደች። ፊቷን የነካው ውሃ ትንሽ አበረዳት። ተመልሳ ስትቀመጥ በሩ ላይ ጥላ አረፈ፤ ቃሲም ነበሩ። ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ መስጊድ እንደሚገባ ሰው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ። ኑርሃን ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

«አባ፣ ይግቡ። እዚህ ጫማ አይወለቅም።»

ገብተው የተገለበጠ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ቬንትሌተሯን፣ ገመዶቹን፣ ሰማያዊውን ስክሪን። አልጠየቁም። ሰው ቦይ ሲጠርግ ከአናቱ ቆሞ የት ደረስክ ማለት እንደማይገባ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የቢሮዋ በር ላይ ለዓመታት የጠበቀቻቸው ልጅ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። የደረሰውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራቸው ገባች፤ በቀላል ቋንቋ፣ ለራሷ የምታስረዳ ይመስል።

«ዲስኩ ደህና ነው፣ አባ። ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ አይቼዋለሁ፤ የጎደለው ነገር የለም። በዚህ በአዲሱ ቤት ሳስገባው ግን መነሳት ይጀምርና ይወድቃል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ። እዚያ ደህና ነበር፤ እዚህ…»

ንግግሯ ተቋረጠ። እጇ አየር ላይ እንደቀረ ስክሪኑን አየችው።

ዲስኩ ካልታመመ የታመመው ቤቱ ነው። ቤቱን ስትሠራ ትልቁ ኮምፒውተር ያቀረበላትን ሁሉ እሺ እሺ እያለች ነበር ያለፈችው። ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚያያዝበት ማገናኛ የዛሬ ዘመን ዓይነት ነው፤ የውሃው ማሽን ሲስተም ደግሞ ያ ማገናኛ ሳይመጣ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ላይ አዲሱ ቤት ራሱ ዲስኩን ያነብለታልና መነሳት ይጀምራል። ራሱን ችሎ ዲስኩን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ግን ማገናኛውን አያውቀውም፤ የገዛ ዲስኩ ይጠፋበትና ይወድቃል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ የሚወድቀው። ኑርሃን ማሽኑን አጠፋች፣ አዲሱን ማገናኛ ነቀለች፣ የድሮውን ዓይነት ተካች፣ ዲስኩን ሰካችበት። አባቷ ጣቶቿን ያያሉ።

አስነሳችው። ምልክቱ መጣ። የሚወድቅባት ቦታ ደረሰች፤ አለፈች። አረንጓዴ ሜዳ ያለበት የድሮው ሲስተም ሥዕል ስክሪኑን ሞላው፤ የፓምፖቹ ፕሮግራም ራሱ ተከፈተ። በሩ ላይ የነበሩት አቶ ገሠሠ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን ሲያነሱ ኑርሃን ገና ነው ብላ አስቆመቻቸው። እውነቷን ነበር፤ ጉድጓዶቹ በሙሉ በቀይ ምልክት ተሰልፈዋል፤ መልስ የለም ይላል። ፕሮግራሙ ተነስቷል እንጂ ትእዛዙ ወደ ፓምፖቹ የሚሄድበት ገመድ ለአዲሱ ቤት አልተሰጠውም። ይኸኛው ግን አላስቸገራትም። ገመዱን ከትልቁ ኮምፒውተር ወደ ውስጠኛው አሳለፈችለት። ቀዩ አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። የሰሜኑ ጉድጓድ መጨረሻ መጣ፤ ልኬቱ እሷ እንዳስተካከለችው ነው። አስነሳ የሚለውን ነካች።

ከሜዳው በኩል የፓምፖቹ ድምፅ ተሰማ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ደግሞ ሌላው። ከደጅ እልልታ ተከተለ። ቃሲም ተነስተው ወጡ። ኑርሃን በበሩ በኩል ታያቸዋለች፤ ቦዩ ዳር በርከክ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ቆዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ታጠቡ። ሰዉ ከበባቸው። ሰዲቅ ይሁን ሌላ፣ አንዱ የነገው ተራ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቃቸው። ቃሲም ቀና አሉ፤ ድምፃቸው ቢሮው ድረስ ተሰማ።

«ነገ እኔን አትጠብቁ። የውሃው ዳኛ ውስጥ ተቀምጣለች።»

ኑርሃን ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች፤ ለሥራ ሳይሆን ፈገግታዋን ለመደበቅ።

በዚያው ቀን እትዬ አሪፋ ሽንኩርታቸው ከጠጣ በኋላ ቢሮ መጡ። ከዚህ በፊት ገብተው አያውቁም። የመጣሁት ማሽኑን ላየው ነው አሉ። ኑርሃን ስክሪኑን ስታሳያቸው የማሳቸውን ስም እዚያ ላይ እንድታነብላቸው ጠየቋት፤ አነበበችላቸው። ስሜ እዚህ ውስጥ ነበረ እንዴ ብለው ተደነቁ። ጠዋት በንዴት የተናገሩትን አነሱና ይቅር በይኝ አሉ፤ እሷ ግን የሽንኩርት ነገር ማንን የማያናድድ አለ ብላ አሳቀቻቸው። ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ሐቢባ፣ አባትሽ መስጊድ ላይ ሲያወሩ አምሽተው አሁን ነው የገቡት ብለው ነገሯት። ቃሲም ለወትሮው ከሶላት በኋላ ቀጥ ብለው ወደ ቤት የሚገቡ ሰው ነበሩ።

ስንታየሁ ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ ደወለና ያደረገችውን ሁሉ ዘርዝራ እንድትነግረው ጠየቃት። የማገናኛው ነገር ላይ ስትደርስ ሳቀ፤ እኔም ብሆን እዚያ ላይ ነበር የምቸገረው አላት። አቶ ገሠሠ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አስነሥተዋት፣ ይህች ልጅ ሰብላችንን አትርፋልናለች ብለው ተናገሩ፤ አዲስ ባትሪም እንዲገዛ ተወሰነ። እሷ በበኩሏ ከዚያን ቀን ወዲህ በየሳምንቱ ኮፒ ታስቀምጣለች። አንዱ ቢሮ ውስጥ፣ አንዱ እናቷ ሣጥን ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሐቢባ ምንነቱን ባያውቁትም ልጆች እንዳይነኩት ይጠብቁታል።

ወሬው ወሬ ወልዶ ማጀቴ ደረሰ። እዚያ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ተመሳሳይ ማሽን ነበረውና አልነሳ ብሎት፣ ኑርሃንን ላኩልን ብሎ ጠየቀ። ለመሄድ ስትዘጋጅ ቃሲም አብሬሽ እሄዳለሁ አሉ። ማጀቴ የምጠይቀው ዘመድ አለኝ ነው ምክንያታቸው። የትኛው ዘመድ ብትላቸው ዱላቸውን አንስተው ቀድመዋት ወጡ።

ሚኒባሱ ውስጥ እሷ መስኮት ጋ፣ እሳቸው መሃል ተቀመጡ። ከጎናቸው ለሥራ ተመድቦ የሚሄድ ወጣት መምህር ነበር። ሸዋ ሮቢትን ሳይለቁ ነው ቃሲም በኑሯቸው አውርተው የማያውቁትን ያህል ማውራት የጀመሩት። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ፣ የውስጠኛው ገመድም ዲስክም አለኝ ብሎ እንደሚያምን፣ መብራት ሲሄድ ቤቱ እንደፈረሰበት፣ ዲስኩ ግን እንዳልሞተ ለመምህሩ አስረዱት። ማገናኛው ላይ ሲደርሱ ነገሩን ትንሽ አዛነፉት። ኑርሃን ሰምታለች፤ አላረመቻቸውም።

«ታዲያ ማን አስነሳው?» አለ መምህሩ።

ቃሲም ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። ልጃቸው ሜዳውን እያየች ነው።

«ይህቺ የኔ ልጅ» አሉ። «ኑርሃን ትባላለች።»